ቀይ ባዜቃ በአቡ ራጂ ሱቅ

ሰልት ከተማ ውስጥ፣ ከሐማም ገበያ ወደ ላይ በሚወጣው ረጅም ደረጃ ሥር፣ አቡ ራጂ የሚባል ሰው አሮጌ የስፌት መኪና እየጠገነ ይኖር ነበር። እናቱ ያወጣችለት ስም ፋንዲ ነው፤ ግን የመጀመሪያ ልጁ ራጂ ተወልዶ አቡ ራጂ፣ የራጂ አባት፣ ከተባለ ወዲህ ከእናቱ በቀር በዚያ ስም የጠራው የለም። እናቱም ሞታለች። ልጁም አድጎ አቃባ ወደብ ላይ ሥራ ይዟል። አባትየው ግን ሠላሳ ዓመት ሙሉ ከዚያ ደረጃ ሥር አልተነቃነቀም።

ሱቁ ሱቅ ከሚባል ዋሻ ቢባል ይቀላል። ከላዩ የአከራዩ የሐጅ ሚስባህ ቤት ተጭኖበታል፤ ከኋላው ተራራው ራሱ ነው። የድንጋይ ግድግዳው ውፍረት ሰው ተጋድሞበት ይተርፋል። ገበያተኛው በሙቀት ሲነድ አቡ ራጂ ሹራብ ለብሶ ይቀመጣል። ሞባይል ስልክ መጥቶ በየሰው ኪስ ሲገባ እሱም አንድ ገዛ፤ ሱቁ ውስጥ ግን ድምፅ አልሰማ አለው። ስለዚህ በሩ ላይ በውጭ በኩል ሚስማር መትቶ እዚያ ያንጠለጥለዋል። ሲጮህ ወጥቶ ያናግራል። ብዙ ጊዜ የምትደውለው ሚስቱ ናት።

አሠራሩ ዝግ ያለ ነው። የዛገ መኪና ሲመጣለት ካቻቢቴ አያነሳም። መጀመሪያ ትሪ ላይ ያስቀምጠዋል፣ በየቀዳዳው ላምባ ጠብ ጠብ ያደርግለታል፣ ከዚያ ይተወዋል። በማግስቱ መዘውሩን በሁለት ጣት ይሞክራል። እምቢ ካለ እንደገና ላምባ፣ እንደገና መጠበቅ። ቀለምም አይቀባም። በጥቁሩ ብረት ላይ ያለው የወርቅ አበባ የባለቤቷ እጅ ሲያርፍበት የኖረው ቦታ ላይ ተፍቆ ይጠፋል። ሰው «እሱንም አድሰው እንጂ» ሲለው «እሱን የፋቀችው ሴትየዋ ናት፤ እኔ ምን አገባኝ» ይላል።

በዚያ በጋ፣ ትምህርት ቤት ሊከፈት ሦስት ሳምንት ሲቀረው፣ ኡሙ ሀይሰም መኪናዋን በታክሲ ጭና መጣች። ኡሙ ሀይሰም በዚያው ደረጃ ጫፍ የምትኖር ልብስ ሰፊ ናት። ባሏ ግንበኛ ነበር፤ ከመሰላል ከወደቀ ወዲህ ወገቡ አልሆነለትም፣ ቤቱን ቀጥ አድርጋ የያዘችው እሷ ናት። መኪናዋ ከአማቷ የወረሰቻት ጥቁር ሲንጀር ናት። በብርዱ ጊዜ ጣራው አፍስሶባት ድርቅ ብላ ቀርታለች።

«አቡ ራጂ ወንድሜ፣ አርባ የተማሪ ልብስ ተቀብያለሁ» አለችው። «የሰው ጨርቅ ቤቴ ተቆልሏል። ልጆቹ የመጀመሪያ ቀን ሰማያዊ ካልለበሱ እናቶቻቸው የኔን ቆዳ ገፈው ነው የሚያለብሷቸው።»

«አሥር ቀን ስጪኝ።»

«አሥር! አንተ ሰውዬ፣ መኪና ነው የምትጠግነው ወይስ አራስ ነው የምታርሰው?»

«ከቸኮልኩ ትሰበራለች፣ እህቴ። አንገቷ ቀልጦ በቅርጽ የፈሰሰ ብረት ነው፣ አንዴ ከተሰበረ በብየዳ አይያዝም። ያኔ ለሁለታችንም ጉድ ነው።»

«በል አሥር ይሁን። አሥራ አንደኛው ቀን ግን ጨርቁን ተሸክሜ መጥቼ አንተን ነው በእጅህ የማሰፋህ!»

በስድስተኛው ቀን መዘውሩ የፀጉር ያህል ነቅነቅ አለ። አቡ ራጂ ደስ ብሎት ሻይ ሊያስፈላ ሲነሳ ጎረቤቱ ሁመይዲ እየሮጠ ገባ። ሁመይዲ የሽምብራ ቆሎ ነጋዴ ነው። ቀኑን ሙሉ ቆሎም ወሬም ይቆላል።

«ሰማህ?»

«ምኑን?»

«በድሮ ስፌት መኪና ውስጥ ቀይ ባዜቃ አለ ተባለ! የትኩሳት መለኪያው ውስጥ ያለውን ነጩን ታውቀው የለም? የሱ ቀይ። ከመርፌው በላይ ነው አሉ የተደበቀው። አንዲት ጠብታ ቤት ትገዛለች!»

«ለምን ይሆናል ደግሞ?»

«አንዱ ለቦምብ ነው ይላል፣ አንዱ ጂን ይጠሩበታል ይላል። አንተ ምን ቸገረህ? ለሚገዛው ሽጥ እንጂ!»

አቡ ራጂ እንባው እስኪመጣ ሳቀ። «ሁመይዲ፣ እኔ በእጄ ከሺ በላይ መኪና ከፍቻለሁ። ውስጡ ዘይት አለ፣ አቧራ አለ፣ አንዴ የሞተ እንሽላሊት አግኝቻለሁ። ሌላ የለም።»

«መሞከሪያም አለው። ሞባይልህን እያናገርክ መርፌው ጋ ታስጠጋለህ። ስልኩ ከተቋረጠ፣ አለ ማለት ነው።»

አቡ ራጂ እንደገና ሊስቅ አፉን ከፈተና ወደ በሩ ዞረ። ግድግዳውን አየ። ሚስማሩን አየ።

በማግስቱ ጠዋት በሩ ላይ አሥራ ሰባት ሰው ቆሞ አገኘ። ገቡ። ስልካቸውን እያናገሩ በመደርደሪያው ላይ ወዳሉት መኪኖች አስጠጉ። ስልኩ ሁሉ ተቋረጠ። በእግር የሚረገጡትም፣ በእጅ የሚዞሩትም፣ መርፌ የሌላት አሮጊቷ መኪናም ሳትቀር፣ ዘጠኙም መኪኖች ፈተናውን አለፉ።

«ወንድሞቼ» አለ አቡ ራጂ፣ «እዚህ ውስጥ ስልክ አይሠራም! ግድግዳው ነው! የኔን እዩት፣ ውጭ ያለው ለዚህ እኮ ነው!»

«አይ ጮሌ» አለ አንዱ በዓይኑ እየጠቀሰው። «ለራስህ ልታስቀረው ነዋ።»

ያን ቀን ከሰዓት በኋላ ከደረጃው መካከል የሴት ለቅሶ ተሰማ። አቡ ራጂ ወጥቶ አየ። አሮጊቷ ኡሙ ኑወይፍ መሬት ላይ ተቀምጣ የተሰባበረ ጥቁር ብረት በቀሚሷ ትሰበስባለች። የስፌት መኪናዋን በመዶሻ የከፈቱት ልጆቿ ናቸው። ያንን መኪና ከሁለት ዓመት በፊት እሱ ነው የጠገነላት። አንገቱ ለሁለት ተበጥሷል። ውስጡ ሲታይ እንደተቆረሰ ስኳር ሸካራና ግራጫ ነው፤ ቀይ የሚባል ነገር የለበትም። ልጆቹ አጠገቧ ቆመው «ይቺኛዋ ባዶ ናት» ይባባላሉ፤ እናታቸውን ዞር ብሎ ያያት የለም።

አቡ ራጂ እነዚህን ልጆች ያውቃቸዋል። በዚያ መኪና በተሰፋ ልብስ ነው ያደጉት።

ከዚያ ወዲህ ሱቁን ከሥራ ሰዓት ውጭ በሁለት ቁልፍ መዝጋት ጀመረ። ለዘጠኙ ብዙም አልሰጋም፤ የሰጋው ለኡሙ ሀይሰም መኪና ነው። አደራ ናት፣ አርባ ልብስ ይጠብቃታል። ከትሪው አንስቶ ከጠረጴዛው ሥር ሸሸጋትና ጆንያ ጣል አደረገባት።

በስምንተኛው ቀን፣ ቀትር ላይ፣ ሁመይዲም ሌላውም ሰው መስጊድ ሄዶ ገበያው ጭር ሲል፣ አቡ ራጂ በሩን ገርበብ አድርጎ መኪናዋን ለማየት ተንበረከከ። ሚስቱ ደወለች። ወጥቶ ስልኩን ከሚስማሩ አወረደና እያናገራት ተመልሶ ገባ። ለምን እንደገባ ራሱም አያውቅም። እጁ ብቻዋን ሄዳ ስልኩን ወደ መርፌው አስጠጋች።

የሚስቱ ድምፅ ቁርጥ አለ።

ጆንያውን ገልጦ ከሥር ሲያይ ደግሞ፣ ከመርፌው በታች፣ አንዲት ቀይ ጠብታ ተንጠልጥላለች። ቀይ! እንደ ሮማን ፍሬ! በአንዴ ስንት ነገር አሰበ፤ ራጂን ከወደብ ሲያስመልሰው፣ ለሚስቱ አዲስ ወጥ ቤት ሲያሠራላት፣ ራሱ ደግሞ ወደ ላይ፣ ፀሐይ ወዳለበት ሲወጣ። ጠብታዋን በጣቱ ተቀበላት። አሸተታት።

ላምባ ነው። ላምባና የቀለጠ ዝገት።

«ፋንዲ!» አለ ጮክ ብሎ፣ እናቱ ስትቆጣው እንደምትጠራው። በራሱ ላይ የደረሰውን ማመን አቃተው። ግድግዳው ስልክ እንደሚያቋርጥ በከተማው ውስጥ ከሱ በላይ የሚያውቅ የለም። ዝገት ላምባ ውስጥ ምን እንደሚመስል ከሱ በላይ የሚያውቅ የለም። እንዲህም ሆኖ ግማሽ ደቂቃ ሙሉ አምኗል። ከኡሙ ኑወይፍ ልጆች የለየው መዶሻ አለማንሳቱ ብቻ ነው። እዚያው ወለሉ ላይ ተቀምጦ ሰው ከመስጊድ እስኪመለስ አልተነሳም።

በዘጠነኛው ቀን መዘውሩ ዞረ። በሁለት ጣት፣ ለስላሳ ሆኖ። ክር አስገብቶ ቁራጭ ጨርቅ ሰፋባትና አየ፤ ስፌቱ እንደ ጉንዳን ሰልፍ ቀጥ ያለ ነው። ሊልክባት ሲዘጋጅ ኡሙ ሀይሰም ራሷ መጣች። ብቻዋን አልነበረችም። ባዜቃ ፍለጋ ከዋና ከተማዋ ከአማን የመጣ፣ ፀጉሩን ዘይት የቀባ ሰው ከኋላዋ አለ። ከሰውዬው ኋላ ደግሞ ግማሽ ገበያ ተከትሏል።

«ደርሳለች፣ እህቴ!» አለ አቡ ራጂ በደስታ። «ነገ አርባውን ትጀምሪያለሽ።»

ኡሙ ሀይሰም ዓይኑን ማየት አልቻለችም። «መልስልኝ» አለች። «ለዚህ ሰውዬ ልሰጠው ነው።»

«ሊሰፋባት ነው?»

«ሊከፍታት ነው።»

ሰውዬው ጣልቃ ገባ። «መጀመሪያ እንሰብራለን። ከተገኘ ሴትየዋ የፈለገችውን ትጠይቃለች።»

«ካልተገኘስ?»

ሰውዬው ትከሻውን ሰበቀ።

አቡ ራጂ ጆሮውን ተጠራጠረ። «ኡሙ ሀይሰም፣ ሰማሽው? ካልተገኘ ብረት ለቅመሽ ትሄጃለሽ ነው የሚልሽ! ጨርቁስ? የሰው ልጆችስ?»

«አንተ ምን አለብህ?» ብላ ጮኸችበት፤ ዓይኗ እንባ ሞላ። «ባሌ አልጋ ላይ ነው። አርባ ልብስ ሰፍቼ ምን አገኛለሁ? በሚቀጥለው ዓመትም አርባ፣ ከዚያም አርባ! አንድ ጊዜ፣ አንድ ጊዜ እንኳ ዕድል በሬን ብታንኳኳ አንተ ልትዘጋብኝ ነው? የኔ ናት! አምጣ!»

ሊቆጣት አፉን ከፍቶ የትናንቷ ቀይ ጠብታ ትዝ አለችው። በምን አፉ ይቆጣ? የእሷም ናት፣ እውነቷን ነው። ግን መኪናዋን ለመዶሻ አንስቶ መስጠትም እጁ እምቢ አለው።

«እሰጥሻለሁ» አለ በመጨረሻ። «ግን አንድ ነገር አሳይቼሽ። ሁላችሁም ግቡ። ግቡ!»

ሰዉ እየተጋፋ ገባ። አቡ ራጂ ስልኩን ከሚስማሩ አወረደና ሚስቱ ጋ ደወለ። «አታውሪ፣ ብቻ መስመሩ ላይ ቆይ» አላትና ወደ ውስጥ ገባ። ጠረጴዛው ላይ ከምሳው የተረፈ ዳቦ ነበር። ስልኩን ወደ ዳቦው አስጠጋ። ተቋረጠ። ወጥቶ ደወለ፣ ገባ፣ ሽንኩርት ላይ አስጠጋ። ተቋረጠ። በሦስተኛው የሁመይዲን ጫማ አስወልቆ አስጠጋ። ተቋረጠ።

«ሁመይዲ ሀብታም ሆነ!» ብሎ አንዱ ጮኸ፤ ሰዉ በሳቅ ፈረሰ።

«አሁን ውጡ» አለ አቡ ራጂ። መኪናዋን እንደ ሕፃን አቅፎ ከሰዉ ጋር ወጣና ፀሐይ ላይ፣ ደረጃው ላይ አስቀመጣት። ለአራተኛ ጊዜ ደወለ። ስልኩን መርፌው ላይ አስደግፎ እጁን አነሳ። የሚስቱ ድምፅ ከመኪናዋ አንገት ውስጥ የሚወጣ ይመስል በገበያው ላይ ጮኸ።

«አንተ ሰውዬ! ዛሬ ምን ነካህ? ደውለህ ትዘጋለህ፣ ደውለህ ትዘጋለህ! ፀሐይ መታህ እንዴ? ስትመጣ ጨው ይዘህ ና፣ ካልያዝክ አትምጣ!»

የዚህን ጊዜ ሳቁ እስከ መስጊዱ ተሰማ። ከአማን የመጣው ሰውዬ ፊቱ ጠቆረ። አንድ ጊዜ መኪናዋን፣ አንድ ጊዜ ሰዉን አየና ደረጃውን ወረደ። ኡሙ ሀይሰም ከመኪናዋ አጠገብ ቁጭ ብላ፣ ቀስ ብላ በእጇ ጠረገቻት። «ይቅር በለኝ ወንድሜ» አለች።

«እኔም ይቅር ልባል» አለ እሱ። ለምን እንደሆነ አልነገራትም።

ነገሩ እዚህ ላይ ያበቃ መስሎት ነበር። ሰዉ ግን አልተበተነም። ሳቁ ቀስ በቀስ በረደ። ሁመይዲ አንድ እግሩን ባዶ እንዳደረገ፣ ጫማው በእጁ፣ ወደ ሱቁ በር ዞሮ ቆሟል።

«ቆይ» አለ ሁመይዲ። «መኪናው ካልሆነ... ዳቦውም ካልሆነ... ጫማዬም ካልሆነ... ታዲያ እዚያ ውስጥ ስልኩን የሚያቋርጠው ምንድን ነው?»

«ግድግዳው ነው አልኩህ እኮ!»

«ግድግዳ የሁላችንም ቤት አለ» አለ አንድ ሌላ ሰው ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «ከሥር ነው። አገሩን ሲገዙ የነበሩት ቱርኮች ተሸንፈው ሲሸሹ በዚህ ነው ያለፉት። አያቴ ሲያወራ ሰምቻለሁ፤ ጭነቱ በቅሎዎቹን ከብዷቸው ነበር፣ ወርቁን የሆነ ቦታ ጥለውታል።»

ሰዉ ሁሉ ወደ ሱቁ ወለል አየ። አቡ ራጂም ሳይወድ በግዱ አብሮ አየ። ሠላሳ ዓመት የረገጠው ድንጋይ ነው። ከላይ ደግሞ፣ በረንዳቸው ላይ፣ ሐጅ ሚስባህ መቁጠሪያቸውን ይዘው ቆመዋል። ሁሉንም ሰምተዋል።

በማግስቱ ሐጅ ሚስባህ ወረዱ። ሰላምታ ሰጡ፣ የሚስቱን ጤና ጠየቁ፣ የራጂን ጤና ጠየቁ፣ ሻይ ጠጡ። ከዚያ ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«አቡ ራጂ ልጄ፣ ሱቁን ለጥቂት ጊዜ ፈልጌው ነበር።»

«ለምን ሐጅ?»

«ወለሉን ላድሰው ብዬ።»

«ወለሉ ድንጋይ ነው፣ ሐጅ። ምኑ ይታደሳል?»

ሽማግሌው መሬት መሬት አዩ። እኚህ ሰው በሠላሳ ዓመት ውስጥ አንድም ቀን በክፉ ቃል ተናግረውት አያውቁም። የራጂ ሠርግ ላይ በግ ያረዱ ሰው ናቸው። «እኔ እንኳ አላምንም» አሉ። «ልጆቹ ናቸው። አንድ ጊዜ ቆፍረን ካላየን እንቅልፍ አይወስደንም አሉ።»

«እኔስ ሐጅ? የት ልሂድ?»

«ትመለሳለህ እንጂ! ሲያልቅ ትመለሳለህ።»

ግን ዓይናቸው የእግራቸውን ሥር ትቶ አልተነሳም። ለአቡ ራጂ ነገሩ የገባው ያኔ ነው። መኪናዋን ያዳናት በሱቁ ለውጦ ነው። በገዛ አፉ፣ በገዛ ስልኩ፣ ሰው ሰብስቦ ያሳያቸው እሱ ነው።

ዘጠኙን መኪኖች ሁለት ቀን ሙሉ በትከሻው አወጣቸው። ሁመይዲ አገዘው። እያገዘ «በኔ አትቀየም እኮ፣ እኔ የጠየቅኩት ጥያቄ ብቻ ነው» ይላል፣ እያለም በየመሐሉ ወለሉን በተረከዙ መታ መታ እያደረገ ያዳምጣል።

ኡሙ ሀይሰም ከቤቷ በር ፊት፣ ከወይን ሐረጉ ሥር ያለውን ሰፊ ደረጃ ሰጠችው። ባሏ አልጋው ላይ ሆኖ በመስኮት «አህለን፣ እንኳን ደህና መጣህ፣ አቡ ራጂ! እኔም የሚያጫውተኝ አጥቼ ነበር!» አለው። አቡ ራጂ ጠረጴዛውን ዘረጋ፣ ላምባውን፣ ትሪውን፣ ካቻቢቴዎቹን ደረደረ። ፀሐዩ ዓይኑን ወጋው፤ ሹራቡን አወለቀ። ኡሙ ሀይሰም በሩን ከፍታ ጥቁሯን መኪና ደፉ ላይ አድርጋ ትሰፋለች፤ ሰማያዊው ጨርቅ ከእግሯ ሥር ይከመራል። ትምህርት ቤት ሊከፈት ስድስት ቀን ሲቀረው ሠላሳ አንዱን ጨርሳለች።

ከታች ቁፋሮው ይሰማል። በመጀመሪያው ቀን ወለሉን አነሱ። በሦስተኛው የፍሳሽ ቧንቧ ሰብረው ገበያው ሁሉ አፍንጫውን ያዘ። በአምስተኛው ቀን ከአቡ ራጂ ቁመት በላይ ወርደዋል። ያገኙት አንድ የፈረስ ጫማ ነው፤ እሱንም «ምልክት ነው» ብለው በጨርቅ ጠቅልለው አስቀመጡት።

ኡሙ ሀይሰም መስፋቷን አቆመች። መኪናዋ ፀጥ ስትል አቡ ራጂ ቀና አለ።

«ምነው? ክር በጠሰች?»

«አይ፣ ደህና ናት።» ወደ መንገዱ ግራ ቀኝ አየች። «ወንድሜ፣ አንድ ነገር ልጠይቅህ? አትቆጣም?»

«ጠይቂ።»

«ሠላሳ ዓመት እዚያ ተቀምጠሃል። እውነቱን፣ ለኔ ብቻ...» ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «ከሥር ምንም አላየህም?»

አቡ ራጂ የያዘው ብሎን ከእጁ አምልጦ ደረጃውን እየነጠረ ወረደ። ፊቷን አየ። እየቀለደች መሆን አለበት ብሎ ሳቅ ፈለገባት። የለም። በዳቦና በሽንኩርት ያሳያትን፣ ቆማ የሳቀችበትን፣ ይቅርታ የጠየቀችበትን ነገር፣ ያቺው ሴት ናት የምትጠይቀው። ከውስጥ አልጋው ሲንቋቋ ተሰማ፤ ባሏም ጆሮውን ወደ መስኮቱ አስጠግቷል።

«አይቻለሁ» አለ አቡ ራጂ ሲቸግረው። «መርፌ አይቻለሁ። የወደቀ መርፌ። በጣም ብዙ መርፌ።»

ኡሙ ሀይሰም አሰበች። ግንባሯ ተቋጠረ።

«የወርቅ?» አለችው።

አቡ ራጂ ተነስቶ ያመለጠውን ብሎን ሊፈልግ ደረጃውን ወረደ። እሷም ጀርባውን አየችና፣ ወርቁን ሊደብቃት እንደሆነ የገባት ይመስል ራሷን ቀስ አድርጋ ነቀነቀች፤ ሠላሳ ሁለተኛውን ልብስ መርፌው ሥር አስገብታ መስፋቷን ቀጠለች።